ምድጃ የሆነው ክዳን

እታለሜ ምስራ፣ የአላህ ሰላም ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይሙላ። ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት ሲቃረብ የሚነሳብሽ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮስ ራራልሽ? የቢላል ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳዋል? የሙስአብ ልጅ ጥርስ አወጣች? ቀይዋ ላምስ ወለደች? የሀርቡ ሰማይ ደመና መቋጠር ጀመረ ወይስ እንደ አምናው ማሾውን አጓጉቶ ሊያስቀረው ነው? ሁላችሁንም በሐሳቤ አንድ በአንድ እየዞርኩ ሰላም ብያለሁ።

እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላ ጊዜ ከዚህ ቀጥዬ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም እል ነበር። ዛሬ ግን የጎደለ ነገር አለ፤ የጎደለውም ከእኔ ሳይሆን ከልጅሽ ነው።

ስለ አፍራ ነው እታለም። ሚያዝያ ላይ በስልክ «ጣቷን ትንሽ ቆረጣት፣ ይድናል» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ትንሽ አልነበረም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች፣ አመልካቹና የመሐሉ፣ የሉም። ነፍሷ ደህና ናት። ቁስሉ ደርቋል፣ ሐኪሙም በደንብ እየዳነች ነው ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ልብሽ መሐል መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። ቀሪው እንዴት እንደሆነና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም ትያለሽ። ለአረፋ የደወልሽ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። «ካሚላ፣ ምነው ድምፅሽ?» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። አፌ እምቢ ያለውን እጄ ይጽፈው እንደሆነ ብዬ ነው ዛሬ ወረቀት የያዝኩት። ከእናንተ ማሾ ጭኖ እህል በረንዳ የሚያራግፈው ሾፌር ቅዳሜ ስለሚመለስ በእሱ እጅ ይደርስሻል።

የምንሠራበትን ቤት ከዚህ በፊት አጫውቼሻለሁ። ጋሼ ሐምዱ በርበሬና ሽሮ እያስፈጩ፣ በላስቲክ እያሸጉ ለሱቆች የሚያከፋፍሉበት የባልትና ቤት ነው። ከፊት ስምንት ሴቶች በርበሬ እንቀነጥሳለን፣ ከጓሮ ሁለት ወፍጮዎች አሉ። ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚያሻግረው ደግሞ ቺንጊያ የሚሉት ወፍራም የጎማ ቀበቶ ነው። ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም። ስለዚህ ሲገዛ ጀምሮ በላዩ ላይ በአራት ብሎን የሚታሰር አረንጓዴ የብረት ክዳን ነበረው።

ጥር ላይ መካኒኩ ቢኒ ያረጀ ቺንጊያ ሊቀይር ክዳኑን ፈታ። ቀይሮ ሲጨርስ ሁለቱ ብሎኖች ጠፉበት። «ነገ ብሎን ገዝቼ መጥቼ እገጥመዋለሁ» ብሎ ክዳኑን ግድግዳ አስደግፎ ሄደ። የቢኒ ነገ እስካሁን አልነጋም። ጋሼ ሐምዱም አልጠየቁትም። ወፍጮው ያለ ክዳንም ይፈጫልና።

ከወፍጮው በላይ የበርበሬ ብናኝ ያቀላው አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ታውቂኝ የለ፣ ፊደል የለየሁት ከስኳርና ከበርበሬ መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። ጋዜጣው ተቀዶ ስለሚመጣ የወሬውን መጨረሻ አላገኘውም ነበር፤ ያ ወረቀት ግን ሙሉ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ለሴቶቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ክዳኑ ሳይገጠም ሞተር አታስነሱ፣ ሞተሩ ሳይቆም እጅ አታስገቡ፣ የተንዘረፈፈ ልብስ አትልበሱ ይላል። ከጎኔ ተቀምጣ የምትቀነጥሰው ባይነሽ «ታዲያ ራቁታችንን እንሥራላቸው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አነበብኩት እንጂ አንድ ቀን እንኳ ለእኛ የተጻፈ አልመሰለኝም።

የስምንታችንን ምሳ የማበስለው እኔ ነኝ። አንቺ ያሳደግሽኝ ነኝና ከትንሽ ነገር ብዙ ማውጣት አይቸግረኝም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በራሱ ውሃ አቁላላዋለሁ፤ ዘይቷ መጨረሻ ላይ ለሽታ ያህል ጠብ ትላለች። ምስሩን ዘፍዝፌ ስለማሳድረው ግማሽ ከሰል ይበቃዋል። የጎመኑን አገዳ አልጥልም፣ ልጬ ከድንች ጋር እከትተዋለሁ። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆንና አርብ በቲማቲም ፍርፍር ይሠራል፤ ቲማቲሙም ነጋዴው ዕቃውን ሲሰበስብ የሚረክሰው ጭፍልቅ ያለው ነው። ሽሮ ደግሞ ከነጭራሹ አንገዛም። በቤቱ ልማድ ከወፍጮው ሥር የሚረግፈው ዱቄት የሴቶቹ ነው። ጠርገን እንነፋውና ምሳችን እሱ ነው። አዲስ የምትገባ ሴት መጀመሪያ የምትማረው ይህን መጥረግ ነው።

ያስቸገረኝ ከሰሉ ነበር። ከዘይት ቆርቆሮ የሚሠራው ምድጃ ስስ ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ሥሩ ይበሳል፣ እሳቱም መሬት ሲያሞቅ ይውላል። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የማፍጠሪያ ሾርባ የማፈላበት ጠንካራ ምድጃ አማረኝ። ዓይኔም ግድግዳ የተደገፈው ክዳን ላይ አረፈ። ወፍራም ነው፣ አልዛገም፣ ከወር በላይ ማንም ነክቶት አያውቅም። ማንንም ሳልጠይቅ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ምን አለሽ ተራ ወሰድኩት። አንዱን ጫፍ የያዘችልኝ አፍራ ናት።

ምን አለሽ ተራ ተጥሎ የሚቀር ነገር የለም። የመኪና በር መጥበሻ ይሆናል፣ በርሜል ባልዲ ይሆናል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኑ ስኖር ቆሞ የሚውል ብረት ሁሉ ባለቤት የሌለው ይመስለኝ ጀምሮ ነበር። ገብረ ኢየሱስ የሚባል ምድጃ ሠሪ ደንበኛ አለኝ፤ ክዳኑን አገላብጦ አየና «እትዬ ካሚላ፣ ይሄ እንኳ የተጣለ ብረት አይደለም። የብሎን ቀዳዳ አለው። የሆነ ቦታ ይሄን የሚጠብቅ ማሽን አለ» አለኝ። «የሚጠብቀው ቢኖር ይሄን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ አይቆምም ነበር» አልኩት። ሳቀና «አንቺ ካልሽ» ብሎ መዶሻውን አነሳ። ቀዳዳዎቹን የአየር መግቢያ አደረጋቸው። ውስጡን እኔና አፍራ በጭቃ ለሰንነው።

ምድጃው ጉድ ነበር እታለም። በአንድ ጣሳ ከሰል ወጥ ሠርቼ ሻይ አፈላበታለሁ። ረመዳንን ሙሉ በእሱ አፈጠርን። ባይነሽ ክርስቲያን ሆና ሳለ ከሾርባው አትቀርም ነበር፤ «አንቺን ያገባ ሰው ፎቅ በሠራ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ጋሼ ሐምዱም አንድ ቀን ቀምሰው አመሰገኑኝ። ምድጃው ከምን እንደተሠራ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው።

አፍራ ወፍጮው ጋ ስትመደብ ሥራውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ሞተር ሲጠፋና ሲነሳ መብራት ይበላል እያሉ ጋሼ ሐምዱ ስለሚቆጡ፣ ወፍጮው እየሮጠ ከጎን ሆና በአጭር መጥረጊያ ዱቄቱን እንዴት እንደምትሰበስብ አስተማርኳት። «እጅሽን አታስጠጊ» አልኳት። ይህችን ስላልኩ የድርሻዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

ሚያዝያ ሃያ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሽሮ ሲፈጭ አረፈደ። እኔ ምድጃዬን አያይዤ ሽንኩርት ጥጃለሁ። «አፍራ፣ ዱቄት ቶሎ አምጪልኝ፣ ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው» ብዬ ተጣራሁ። ከአፌ የወጣውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም። ቶሎ ልታደርስልኝ መጥረጊያውን ትታ በእጇ ልትዘግን ጎንበስ አለች። ሰፊውን የጋዋን እጅጌዋን ቺንጊያው ያዘው። ጩኸቷን ሳይሆን ሞተሩ ሲያቃስት ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ሮጣ መብራቱን ያጠፋችው ባይነሽ ናት። እኔ ማማሰያ ይዤ ቆሜ ነበር።

ክዳኑ በቦታው ቢሆን ኖሮ እጅጌዋ ብረት ነክቶ ይመለስ ነበር። ክዳኑ ግን ከሽንኩርቱ ድስት ሥር ነበር።

ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳት በመንገድ ሁሉ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለእማ አትንገሪያት፣ ትደነግጣለች»። እኔም እሺ አልኳት። እሺ ማለቱ ለእሷ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለእኔም ተመችቶኝ ነው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ የሥራ ተቆጣጣሪ የሆነውን ሊመረምር መጣ። ሁላችንንም ወፍጮው ዙሪያ አቆመንና ክዳኑ የት እንደሄደ ጠየቀ። ጋሼ ሐምዱ «ክዳኑማ ነበረ። ልጅቷ ልትጠርግ ስትል ራሷ ፈታ የት እንደጣለችው እንጃ» አሉ። ሰውየው ወደ አፍራ ዞረ። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን በሌላው ደግፋ ቆማ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «አዎ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት። የት እንዳደረግሁት አላስታውስም» አለች። ሰውየው ጻፈው፤ ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው ብሎ።

እኔ ወንፊት ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰው ሁሉ ዝምታዬን ጨዋነት ይለዋል፤ አንቺም ከልጅነቴ ጀምሮ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልሽ ታመሰግኚኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጨዋነት አልነበረም። ሌባ መባል ፈራሁ። ሥራዬን ፈራሁ። ከሁሉ በላይ አንቺን ፈራሁ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ባይነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካሚላ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ታነቢያለሽ፣ የልጅቷን ፊት ማንበብ ነው ያቃተሽ?» አለችኝ። በዚያ ምድጃ አብራኝ በልታለችና ከየት እንደመጣ ታውቃለች። «እኔ አልናገርብሽም። አንቺ ተናገሪ» ብላኝ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ አንድ ቀልድ እንኳ አልተናገረችም።

አፍራ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተወች። በልቻለሁ ትላለች፣ አልራበኝም ትላለች። ለብቻዋ በሳህን አቀርብላትና እስክትጨርስ ውጭ እቆያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሳላስበው ስገባ በግራ እጇ ስትበላ አገኘኋት። ደንግጣ ሳህኑን ገፋችው። «አክስቴ፣ ቀኙ እስኪለምድልኝ ነው። በግራ መብላቴን አላህ ይቅር ይለኛል አይደል?» አለችኝ። ይልሻል አልኳትና ወጣሁ። መሳለሚያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ስመለስ ግን የማደርገውን አውቄ ነበር።

ሰኞ ሰኔ ዘጠኝ ጠዋት የምድጃውን አመድ ደፍቼ፣ ጭቃውን አራግፌ፣ በማዳበሪያ ይዤው ተቆጣጣሪው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ምግብ ያመጣሁለት መስሎት «እናቴ፣ እዚህ መሸጥ አይቻልም» አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ አብረን ወፍጮ ቤቱ መጣንና ብረቱን ከማሽኑ ጎን ይዞ ለካው። በእሳት ቢጠቁርም በአንዱ ጎኑ አረንጓዴው ቀለም ነበረበት፤ ቀዳዳዎቹም ልክ ብሎኑ የሚገባበት ላይ አረፉ።

ጋሼ ሐምዱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሃያ ዓመት እንጀራዬን በልተሽ ብረቴን ሰረቅሽኝ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚህ ሌላ ምን እላለሁ፤ ስሙ ያው ነው። ሰውየው ግን ወደ እሳቸው ዞሮ «ክዳኑን ማንም ይውሰደው ማን፣ ያለ ክዳን ሞተር እንዲነሳ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም» አላቸው፤ ይህንንም ቀድሞ በጻፈው ምትክ ጻፈው። ለአፍራ የሚገባትን ካሳ እሳቸው እንዲሰጡ ታዘዋል። በማግስቱ ለሁለቱም ወፍጮዎች አዲስ ክዳን ተገጠመ። እኔም በማግስቱ ተሰናበትኩ። ለዚህ ጋሼ ሐምዱን አልወቅስም።

ቀለለኝ ብዬ ብጽፍልሽ ሌላ ውሸት ይሆናል። አፍራ ሦስት ቀኗ ነው ካኮረፈችኝ። «ማን ተናገሪ አለሽ አክስቴ? ጣቴ እንደሆነ አይበቅል። እኔ ሥራሽን ላተርፍልሽ ዋሸሁ፣ አንቺ ሄደሽ አፈረስሽው» አለችኝ። እውነቱን የተናገርኩት ለእሷ ስም ነው ወይስ ለራሴ እንቅልፍ፣ እኔም በደንብ አልለየሁትም። ይህን ስጽፍ በር ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ምስር እየለቀመች ነው። ጠጠሯን አንድ በአንድ ታወጣለች፣ ወደ እኔ ግን አትዞርም። ምስሩን የምንቀቅለው አሁን በሦስት ጡብ ላይ ነው።

እታለም፣ ስለ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሙስአብ ማሾ መውቂያ ማሽን ይዞ በየመንደሩ እንደሚዞር ነግረሽኛል። ያም ቺንጊያ አለው። ክዳኑ ከሌለ ሳይሠራ ይዋል፣ የአንድ ቀን ገበያ ቢቀር ይቅር። የተወተፈ ገለባ ሊያወጣ ሲል መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፋ፣ መዞሩን እስኪያቆምም ይጠብቅ፤ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ይዞራልና። እጅጌውን እስከ ክርኑ ይጠቅልል። ሴቶቹ የረገፈ ማሾ ሊለቅሙ ወደ ማሽኑ ሥር ሲገቡ ዝም ብሎ አይይ። ለቅሚያ ልማድ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም ልማድ ነው እያልኩ ነበር።

ሰኔ ሠላሳ አፍራ የመጨረሻ የሐኪም ቀጠሮ አላት። ሐምሌ ሦስት፣ ሐሙስ፣ ይዣት እመጣለሁ። በሀርቡ ትቆይ ወይስ እጇ ሲበረታ ትመለስ፣ እናትና ልጅ ትነጋገሩበት፤ እኔ አፌን አላስገባም። ከአውቶቡስ አብሬያት እወርዳለሁ። ሙስአብን ብቻ ከላክሽው ቤትሽ እንዳልገባ ማለትሽ ነውና ሻንጣዋን አስረክቤው ኮምቦልቻ አድሬ እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም። አንቺ ራስሽ ከመጣሽ ግን ምን እንደምልሽ እስካሁን አላውቅም።

ለጎረቤትሽ ለእማማ ለተብርሃን፣ ጉልበት ስሜያለሁ በይልኝ። ለሙስአብ ባለቤት ሰላምታዬ ይድረስ፤ ሕፃኗን ግንባሯን ሳሚልኝ። ሙስአብ ልጄ፣ አንተ ለእናትህ ስታነብ ክፉውን እየዘለልክ እንደምታለዝበው አውቃለሁ። ይህን ግን ሳትዘል አንብብላት፤ የዘለልከው ካለ ተመለስና አንብብ።

ለቢላል ሰላም በይልኝ ማለት ከበደኝ። አፍራን ወደ እኔ ሲልካት በስልክ «ልጄን የሰጠሁት ለአዲስ አበባ አይደለም፣ ለአንቺ ነው» ብሎኝ ነበር። አደራውን በላሁ። ለእሱ ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም። ከፈቀደ፣ ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ከጎንሽ ይቀመጥ።

እህትሽ ካሚላ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.